ባለአደራነት፦ ከሐርላ ዶቃ እስከ አብዮት ወረቀት

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ በምትገኘው ሐርላ፣ ማሳ ሲታረስ ከአፈሩ ጋር ሌላም ነገር ይወጣል። የዛሬዎቹ ነዋሪዎች፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ የገንደ ቢዮ ገበሬዎች፣ የመስታወት ዶቃ፣ የሸክላ ስባሪና የሩቅ አገር ሳንቲም ሲያገኙ ኖረዋል። የጥንቱ ግንብ የተሠራባቸው ትልልቅ ድንጋዮች ተራ ሰው የሚያነሣቸው ስላልመሰሉም አገሩ የግዙፎች መኖሪያ ነበር የሚል ተረት ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን ከቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ቦታውን ቆፈረ። ውጤቱ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ ብዙ ሰው ተገረመ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብጽ ውስጥ የተመታ ሳንቲም፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ሸክላ ተገኘ። ሐርላ የሕንድ ውቅያኖስን ንግድ ከኢትዮጵያ ደጋ ጋር ያገናኘች ከተማ ነበረች። የግዙፎቹ ተረት ግን በቀላሉ አልሞተም፤ የአካባቢው ሰው ማስተባበያውን ሙሉ በሙሉ መቀበሉን ኢንሶል ራሳቸው እንደሚጠራጠሩ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል።

በዚያው መግለጫ ብዙም ያልተወራለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ። ከግኝቶቹ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም እንደሚሄዱ፣ ሌሎቹ ግን የአካባቢው ሕዝብ ራሱ በሚያስተዳድረው የቅርስ ማዕከል እንደሚታዩ ይገልጻል። ሐሳቡ ጎብኚ ሲመጣ ገቢው ለመንደሩ እንዲሆን ነው። ዕቃው የሕዝብ ነው፤ የሚይዘው አንዱ ነው፤ የሚጠቀምበት ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሦስቱን ሳያምታታ የሚያስተዳድር አሠራር በእንግሊዝኛ ስቱዋርድሺፕ ይባላል። በአማርኛ ባለአደራነት ቢባል ያስኬዳል።

ሌሎች አማራጮች አልጠፉም። መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጎም የተመረጠው ቃል መጋቢነት ነው፤ ዛሬ ግን መጋቢ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይን ነው። አስተዳደር ቢባል ቀበሌን ያስታውሳል። ጥበቃ ቢባል በር ላይ የቆመው ሰው ይመጣል። ባለአደራ ግን በሕግም በመንደርም ይታወቃል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለአደራ ውል የራሱን ክፍል ሰጥቶ፣ ዕቃውን የተቀበለው ሰው በደንብ ጠብቆ እንዲመልስ ያስገድዳል። ቃሉ የፖለቲካ ጠባሳም አለበት። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አዲስ አበባን ያስተዳደረው የባለአደራ አስተዳደር ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ እነ እስክንድር ነጋ የባለአደራ ምክር ቤት አቋቋሙ። ደጋፊውም ተቃዋሚውም ግን በአንድ ነገር ይስማማል፦ ባለአደራ ጊዜያዊ ነው፣ ባለቤት አይደለም። እዚህም የሚፈለገው ይኸው ፍቺ ነው።

ቃሉ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ከመሬት ለተቆፈረ ዶቃ አይደለም። ለዶቃው ሕግ አለው፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሳይታሰብ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል። ሕጉ በዝርዝር የማይደርስለት በጎ ፈቃደኞች የሚሰበስቡት የንቅናቄ ሰነድ ነው፦ የተማሪ ማኅበር መጽሔት፣ የሠራተኛ ማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የሰልፍ መፈክር፣ በራሪ ወረቀት፣ የአሁኑ ዘመን ደግሞ በስልክ የተቀረጸ ድምፅና በቴሌግራም የተላለፈ ጥሪ። ሰብሳቢው ደመወዝ የለውም። ሰጪው ብዙ ጊዜ ስሙ እንዲነሣ አይፈልግም። ተመራማሪው ደግሞ ሁሉንም ማየት ይፈልጋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለው ወረቀት የሕይወት ዋጋ አስከፍሏል። በቀይ ሽብር ዘመን የኢሕአፓ ልሳን የነበረችው «ዴሞክራሲያ» እጁ ላይ የተገኘችበት ሰው መጨረሻው ሊታወቅ አይችልም ነበር። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግባት፣ ቤተሰብ የልጁን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ከተተ ወይም ጓሮ ቀበረ፤ እጁ ላይም ምንም አልቀረም። ዛሬ የዚያን ትውልድ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ይህ ክፍተት ይገጥመዋል።

የሚገርመው ጨቋኙ የራሱን ወረቀት አለማቃጠሉ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግን ባለሥልጣናት ሲከስ ዋና መሣሪያው የደርግ መዝገብ ነበር፦ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት የግድያ ትእዛዝ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዝርዝር፣ አንድ ዓይነት ስም፣ አንዴ ለገዳይ መምሪያ ሆኖ ያገለግላል፤ ሌላ ጊዜ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል። መዝገብ ያዥ ይህን ካላወቀ አደገኛ ሰው ነው። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ጎብኚዎችን ሲያስተናግድ የኖረው ከዚያ እሳት በተረፉ ሰዎች ጭምር ነው። ሰነዱን የሚያስረዳው ሰው ሰነዱ ውስጥ ያለ ሰው ሲሆን፣ የባለአደራነት ትርጉም ማብራሪያ አያሻውም።

ከኢትዮጵያ ውጭ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች ሁሉ የሚበልጠው የስፔኖቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ባርሴሎና በጄኔራል ፍራንኮ ጦር እጅ ልትወድቅ ስትል፣ ሴኤንቴ የተባለው የሠራተኞች ኅብረት መዝገቡን በሣጥን አሽጎ ከአገር አወጣ። ተቀባዩ እ.ኤ.አ. በ1935 አምስተርዳም ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የማኅበራዊ ታሪክ ተቋም ነበር። ሣጥኖቹ የዓለም ጦርነቱን እንግሊዝ አገር አሳልፈው በኋላ አምስተርዳም ገቡ። ተቋሙ ወረቀቱን በእጁ ይዞ፣ ተመራማሪ በር እያንኳኳበት፣ ለአሥርት ዓመታት አልከፈተውም፤ ፈቃድ የመስጠት መብት ያለው ድርጅት ስደት ላይ ነበርና። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1975 ፍራንኮ ከሞተና ባለቤቶቹ እንደገና ድምፅ ካገኙ በኋላ ነው። ለታሪክ ምሁር ያን ያህል መጠበቅ መራር ነው። ሆኖም እነዚያ ወረቀቶች ላይ ስማቸው የሰፈረ ሰዎች ስፔን ውስጥ በሕይወት ነበሩ፤ ስለዚህ መዝጋቱ ትክክል ነበር።

የኒውዮርኩ ኢንተርፈረንስ አርካይቭ ተቃራኒውን መንገድ መረጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 ብሩክሊን ውስጥ የተቋቋመው ይህ ቤት የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። የማኅበራዊ ንቅናቄዎችን ፖስተር፣ በራሪ ወረቀትና ቲሸርት ይሰበስባል፤ ጎብኚ መደርደሪያው ጋ ራሱ ሄዶ ሣጥኑን ከፍቶ ያያል። ፖስተሩ መጀመሪያውኑ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ የታተመ ነውና መቆለፉ ትርጉም የለውም። የስፔኑ ቃለ ጉባኤና የብሩክሊኑ ፖስተር አንድ ሕግ አይገዛቸውም። ጥሩ ባለአደራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ ወረቀት ለማን ተብሎ ተጻፈ?» ብሎ ነው።

ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ እንመለስ። ከሐርላ ብዙም በማትርቀው ሐረር፣ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችንና የዘፈን ቅጂዎችን እየሰበሰቡ፣ የተጎዱትን መጻሕፍት በቀድሞው የሐረር የድጉሰት ጥበብ እየጠገኑ፣ መኖሪያ ቤታቸውን ሙዚየም አድርገው ከፈቱ። በኋላም የክልሉ መንግሥት የራስ ተፈሪን ቤት ሰጣቸው። አንድ ሰው ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ማሳያ ነው። ሰዎች የአያታቸውን መጽሐፍ ይዘው የመጡት ሰውየውን አምነው ነው እንጂ የተቋም ማኅተም አይተው አይደለም። የበጎ ፈቃደኛ መዝገብ ሁሉ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ የሚፈተነውም እዚሁ ላይ ነው። ያ የታመነው ሰው ሲታመም፣ አገር ሲለቅ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ሲጣላ አደራው ወደ ማን ይሄዳል?

የወጣት ማኅበራትን አሠራር ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ፎቶዎቹ የአንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ናቸው፤ የጉግል ድራይቩን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ያው ልጅ ነው፤ የቃለ ምልልሶቹ ቅጂ አንድ ፍላሽ ላይ አለ፤ ፍላሹ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው። ልጁ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ማንም በክፋት ምንም አላደረገም፤ መዝገቡ ግን የለም።

መድኃኒቱን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። ድሬዳዋና ሐረር አፎቻ አለ፤ ሌላው አገር እድር ይለዋል። አፎቻ መሪው ሲሞት አይፈርስም፤ አባላቱ የታወቁ ናቸው፣ የጋራው ዕቃ የጋራ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ የያዘው ሰው በጉባኤ ፊት ሒሳብ ያቀርባል። በጎ ፈቃደኞች የሚያስተዳድሩት መዝገብም ከዚህ የተለየ ውስብስብ ነገር አይጠይቅም። ልዩነቱ ያለው በሚወሰኑት ጉዳዮች ላይ ነው። ምን እንቀበላለን? ማን ያያል? የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ይመለስለታል ወይ? ፖሊስ ወይም ጋዜጠኛ ቢጠይቅ የሚመልሰው ማን ነው? ቡድኑ ቢፈርስ ሣጥኑ ወዴት ይሄዳል? የመጨረሻው ጥያቄ የሚረሳው ገና ሁሉም ሞቅ ባለበት ሰሞን ስለመፍረስ ማውራት ሟርት ስለሚመስል ነው። ሊጻፍ የሚገባው ግን ያኔ ነው፤ ከተጣሉ በኋላ የሚስማማ የለም።

ሕጉም እንዲህ ያለውን መዝገብ ቢያንስ በሁለት በኩል ይነካዋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቡድኖች ተመዝግበው ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኙ ከቀድሞው ሕግ የሰፋ በር ከፍቷል፤ ያለ ሕጋዊ ሰውነት ደግሞ መዝገቡ በወረቀት ላይ የግለሰብ ንብረት ሆኖ ይቀራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው ስም፣ ስልክና የፖለቲካ አቋም የያዘ ማንኛውም ስብስብ እንደፈለጉ የሚበትኑት እንዳልሆነ ደንግጓል። በአዋጆቹ መካከል የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላው መተዳደሪያ ደንቡ ነው።

ሐርላ ላይ ይህ የባለአደራነት አሠራር ተግባር ላይ ቢውል፣ ቁፋሮው የፈጠረው መዝገብም አብሮ መታሰብ ይኖርበታል። ዶቃው ሙዚየም ገብቷል፤ ነገር ግን ዶቃውን መጀመሪያ ያገኘው ገበሬ የነገረው፣ ሽማግሌዎች ስለ ግዙፎቹ ያወሩት ሁሉ የት ይቀመጥ? ቅጂው በኦሮምኛ ገንደ ቢዮ ይቀራል ወይስ በእንግሊዝኛ ተጠቃሎ ውጭ አገር ይቀመጣል? የመንደሩ ልጆች ይህን ለመጠየቅ ማንንም ማስፈቀድ የለባቸውም።

ድሬዳዋ ራሷ ከዚህ የቀረበ ሥራ አለባት። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማ፣ በአገሪቱ ከቀደሙት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ የሆነውን የባቡር ሠራተኞችን ማኅበር አፍርታለች። የዚያን ዘመን መታወቂያ፣ ደብዳቤ ወይም የስብሰባ ፎቶ በአባቱ ሣጥን ውስጥ ያለው ሰው ወረቀቱን ለማንም ከመስጠቱ በፊት ማን እንዲያየው፣ እስከ መቼ እንዲያዝና ለማን እንዲመለስ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ተቀባዩን ያስፈርም፤ አንዱን ቅጂም ቤቱ ያስቀር።