የዘመድ ማመልከቻ ውድቅ ሲደረግ፦ ለይግባኝ ችሎት እንዴት እንዘጋጅ?

በጎንደርና በአዲስ አበባ የቀሩ ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች ያሏቸው ቤተሰቦች “ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም” የሚል ደብዳቤ ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። ብዙዎቹ የሚጠይቁን ዳኛው ፊት ምን እንደሚሉ ነው። እኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች እንጂ ጠበቆች አይደለንም፤ ነገር ግን እንደምናየው ጉዳዩን የሚወስነው ከችሎቱ በፊት የሚዘጋጀው ወረቀት ነው። እንዲያውም ዳኛው ሰው ሳይጠራ ጽሑፉን ብቻ አይቶ ሊወስን ይችላል።

ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን እዚያው ላይ ይጻፉ፤ ፖስታውንም አይጣሉት። አንዳንዱ ውሳኔ በመጀመሪያ እዚያው ሚስራድ ሃፕኒም ውስጥ እንደገና እንዲታይ ይጠየቃል። ከዚያ ቀጥሎ የሚኬደው በ2014 (በፈረንጆች) ሥራ ወደ ጀመረው የይግባኝ ችሎት፣ ቤት ዲን ለዓራሪም ነው። ለዚህ ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው። በዓል መጣ፣ ለቅሶ ነበረ ማለት ቀኑን አያስቆመውም፤ ችግር ካለ ጊዜ እንዲራዘም ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ ይጠየቃል።

ቀጥሎ ውሳኔው በየትኛው ሕግ እንደተሰጠ ይጠይቁ። እየተጠባበቁ ያሉት ወገኖቻችን በአብዛኛው የሚገቡት በ1950 በወጣው በሖክ ሃሽቩት ሳይሆን በ1952 በወጣው ወደ እስራኤል የመግቢያ ሕግና መንግሥት በየጊዜው በሚያወጣቸው ውሳኔዎች ነው፤ ለምሳሌ በኅዳር 2015 በወጣው ውሳኔ ቁጥር 716። ስለዚህ “እኛ ቤተ እስራኤል ነን” ብሎ መከራከር፣ እውነት ቢሆንም፣ ብቻውን አይበቃም። ደብዳቤው ጎደለ ያለው የእናት ወገን ዘር ከሆነ ስለ እሱ፣ እዚህ ያለ የቅርብ ዘመድ ከሆነ ስለ እሱ መልስ ይሰጣል።

ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው በዓመተ ምሕረት ነው። በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጆቹ መካከል ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ልዩነት አለ። መስከረም 1980 የተወለደ በፈረንጆች 1987 ነው፤ ነሐሴ 1980 የተወለደ ግን 1988። የከፋው ደግሞ ሳይቀየር የቀረ ዓመት ነው። እናት በፈረንጆች 1960 ተወለዱ እንበል፤ ልጃቸው በኢትዮጵያ 1972፣ ማለትም በፈረንጆች 1980። የልጁ ዓመት እንዳለ ከተጻፈ እናትየው በ12 ዓመታቸው የወለዱ ይመስላል፤ መርማሪውም “ልጇ አይደለም” ብሎ ይጽፋል። ልደቱን የማያስታውስ ሽማግሌ ካለ በታወቀ ጊዜ ያስቡት፦ በ1977ቱ ድርቅ ይሄድ ነበር? ዘመቻ ሰሎሞን ሲሆን፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 (ሜይ 24 እና 25፣ 1991)፣ ስንት ዓመቱ ነበር?

ሁለተኛው የዝምድና ስም ነው። እኛ የአጎት ልጅን ወንድሜ፣ ያሳደገችንን አያት እናቴ እንላለን፤ ነውርም የለውም። በ1991 በተሞላ ቅጽ ላይ “ወንድም” የተባለ ሰው በኋላ “የአጎት ልጅ” ሲባል ግን ውሸት ተደርጎ ይቆጠራል። የአባት ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ሆኖ መጻፉና በዕብራይስጥ ስም መቀየሩም እንዲሁ ያምታታል። እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ገና አሉን፤ ከእነሱ ጋር ተቀምጠው የትውልዱን ዝርዝር በወረቀት ያውጡ፣ ማን ማንን እንደወለደና ማን ማንን እንዳሳደገ ለይተው ይጻፉ። ከቀድሞው ፋይል ጋር የማይስማማ ነገር ካገኙ አይደብቁት፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዱ።

የዲ.ኤን.ኤ ምርመራ ለማድረግ ያሰበ ሰው፣ በእስራኤል በ2000 በወጣው የዘር መረጃ ሕግ መሠረት የቤተሰብ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሚያስፈልግ ይወቅ፤ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ በፊት ግን ቤተሰቡ ይነጋገር። ከሕፃንነቱ በማደጎ ያደገና ይህንን ያልሰማ ልጅ ከላቦራቶሪ ወረቀት ሊሰማው አይገባም። የተቸገረ ቤተሰብ ይጥራን።

የገንዘብ መላኪያ ደረሰኞች፣ ደብዳቤዎች፣ የሠርግና የለቅሶ ፎቶዎች ይጠቅማሉ። ከፎቶው ጀርባ ማን እንደሆነና መቼ እንደተነሣ ይጻፉ። “እኔ አስጨርስላችኋለሁ” እያለ ገንዘብ ለሚቀበል ሰው አንድ ሰቅል አይስጡ።

አስተርጓሚ ከፈለጉ አማርኛ ወይም ትግርኛ ብለው ቀደም አድርገው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ልጅዎን አያስተርጉሙት። በችሎቱ ላይ የእኛ ጨዋነት ይጎዳናል። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፍተን “እሺ፣ አዎ” እንላለን፣ እሱም እንደተስማማን ሆኖ ይመዘገባል። ያልገባዎት ከሆነ “አልገባኝም፣ ይደገምልኝ” ይበሉ፤ ማንም አይቆጣዎትም። የማያስታውሱትን ቀን አይገምቱ።

ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ አይነገርም። ካልተስማሙበት ወደ አውራጃው የአስተዳደር ጉዳዮች ፍርድ ቤት ለመሄድ 45 ቀን አለ፤ ለዚህ ግን ጠበቃ ይያዙ። ጎንደር ለሚጠባበቀው ልጅ ከችሎቱ በፊት ሲደውሉ “ዛሬ ይወሰናል” አይበሉት።