«ወተት በጉንጬ» ስለ ተባለው የወሎ ማሽላ

ትውልድ አገሩ ሜክሲኮ የሆነ ቺያ የሚባል ደቃቅ ፍሬ፣ ገንቢነቱ እየተመሰገነለት በአዲስ አበባ ሱቆች ሲሸጥ ታያላችሁ። ምስጋናው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሩቁን ስናደንቅ የቅርቡን እንዳንረሳ፣ የወሎ ባላገር ስም አውጥቶለት ስለ ኖረ አንድ ገንቢ እህል ጥቂት እንነግራችኋለን።

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚጓዝ ሰው ቆቦ ሲደርስ፣ በዞብል ተራራ ግርጌ የተዘረጋውን የራያን ሜዳ ያያል። ይህ ሜዳ የማሽላ አገር ነው። ገበሬው ደጋሊት፣ ጅጉርቲ እያለ ዘሩን በየስሙ ይለየዋል። እሸቱ ከነዛላው ተጠብሶ፣ በእጅ ታሽቶ ይበላል፤ የደረቀው ደግሞ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ገንፎና እንጀራ ይሆናል።

ከወሎ የማሽላ ዘሮች መካከል «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ» የተባሉት የተለዩ ናቸው። ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ምርታቸውም ያነሰ ነው። ገበሬው ይህን እያወቀ ከሌላው ማሽላ ጋር መዝራቱን አልተወም፤ እሸታቸው ሲጠበስ ጣዕሙ ልዩ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1973 ሲንግና አክስቴል የተባሉ የአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ 9 ሺህ ያህል የማሽላ ዓይነቶች መርምረው፣ ከዚሁ ወገን የሆኑ ሁለት የኢትዮጵያ ዘሮች በላይሲን እንደሚበልጡ አስታወቁ። ላይሲን ከፕሮቲን ክፍሎች አንዱ ሲሆን፣ ሰውነት ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ብቻ ይገኛል። በ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ በተራው ማሽላ 2 ግራም ያህል፣ በእነዚህ ግን ከ3 ግራም በላይ ተገኘ። ባላገሩ በምላሱ የመረጠውን ሊቃውንቱ በሚዛን አረጋገጡት። እናቶቻችንም የማሽላ እንጀራን በሽሮ ማቅረባቸው ያለ ጥበብ አይደለም፤ ማሽላ የሚጎድለውን ላይሲን ጥራጥሬ ይሞላዋልና።

ዳሩ ግን ልብ በሉ፤ ያ ዓመት ወሎ በረኃብ የተመታበት ዓመት ነበር። የወሎ ማሽላ በውጭ አገር መጽሔት ሲመሰገን፣ የዘሩ ባለቤት በአውራ ጎዳናው ዳር ወድቆ ነበር። የሰብሉን መጥፋት የሚያስረዳ ጽሑፍ ቀድሞ ቢዘጋጅም፣ መንግሥት ነገሩን በዝምታ ሸፈነው። የተራበ ሰው ደግሞ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል፤ ዘሩ ሲያልቅ ስሙም፣ የአበሳሰሉም ዕውቀት አብሮ ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የእጽዋት ዘር ማከማቻ ማእከል ተቋቋመ። ይህ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ቀዝቃዛው ክፍል ፍሬውን እንጂ የእሸቱን ጣዕም አያስቀምጥም፤ ይህን የሚያስቀምጠው ዘሪውና ምድጃው ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የጨበጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከገጠር የሚመጣውን ወረቀት ስታነቡ «ማሽላ» የሚለው አንድ ቃል አይብቃችሁ። የትኛው ማሽላ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በመዝገብ ቤት አታሳድሩት። ገበሬው ለዘሩ የሰጠው ስም ምስክርነት ነው፤ ምስክርነትም በጊዜው ካልተሰማ ለማንም አይጠቅምም።