ሐዲዱ የቆመበት ከተማ

የአገር ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ ተጽፎ የሚገኝ አይደለም፤ በድንጋይና በብረትም ተጽፎ ይገኛል። ዳሩ ግን የመጽሐፉን ፊደል መምህር እንደሚያስቈጥር ሁሉ፥ የብረቱንም ፊደል የሚያስነብብ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ያሰብሁት በአንድ የዕረፍት ቀን ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ በድሬዳዋ የአሮጌውን ምድር ባቡር ግቢ በጐበኘሁ ጊዜ ነው።

ግቢው በከዚራ ሰፈር በጣቢያው ዙሪያ ይገኛል። ሥራቸውን የጨረሱ ባቡሮችና ፉርጎዎች ከነሐዲዳቸው ቆመዋል፤ በጥገናው ቤትም የጥንቱ መሣሪያዎች በየቦታቸው አሉ። ስለዚህ ጣራ የሌለው ሙዚየም ብንለው ስሕተት አይሆንም። ታላቁ ልጄ የሐዲዱን ጠባብነት እያየ ተደነቀ፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነውና። ታናሺቱ ግን በደቡብ በኩል ወደሚታዩት ተራሮች እያመለከተች፥ «አባዬ፥ ሐረር ያለችው ከዚያ ማዶ ነው ብለኸኛል፤ ታዲያ ባቡሩ ስለምን ወደዚያ አልሄደም?» ብላ ጠየቀችኝ። የከተማይቱ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህች ጥያቄ ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡሩን ፈቃድ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሲሰጡ፥ መስመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ነገር ግን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፥ ከተራራው ግርጌ ያለው ሜዳ ወደ 1,200 ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ዳገት ላይ ሐዲድ ማውጣት ለኩባንያው የማይቻል ወጪ ሆነበት። ስለዚህ ሐዲዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከዚህ ሜዳ ደረሰ፤ አዲሱም ሰፈር «አዲስ ሐረር» ተባለ።

ከዚህም በኋላ ሥራው ቆመ። የኩባንያው ገንዘብ አለቀ፤ ፈረንሳይ፥ እንግሊዝና ኢጣልያ ስለ መስመሩ ተፎካከሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የባዕድ መንግሥት በሐዲዱ ተንተርሶ የአገሪቱን ነጻነት እንዳይነካ ይጠነቀቁ ነበር። ሥራው በሌላ ኩባንያ ቀጥሎ፥ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ድሬዳዋን የሠራት የባቡሩ መምጣት ብቻ ሳይሆን መቆሙም ጭምር ነው። ከባሕር የመጣው ዕቃ እዚህ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫን፥ ከደጋ የወረደውም ቡናና ቆዳ እዚህ ወደ ፉርጎ ይገባ ነበር። ከደቻቱ በስተምዕራብ ከዚራ በቀጥታ መንገዶቿና በጥላ ዛፎቿ ተተከለች፤ በስተምሥራቅ የመጋላ ገበያ ደራ። ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ አማራው፥ ሐረሪው፥ ዐረቡ፥ ህንዱ፥ ግሪኩና አርመኑ ጐረቤት ሆኑ። ይህም ሲባል ምድሩ ከባቡሩ በፊት ወና ነበር ማለት አይደለም። አርብቶ አደሩ በዚህ ሜዳ ከብቱንና ግመሉን ያሰማራ ነበር፤ ከከተማይቱ አጠገብ በ1920ዎቹ የተጠናው የጃርት ዋሻም የድንጋይ ዘመን ሰዎች መሣሪያ ተገኝቶበታል።

ሐዲዱ ከዚያ ወዲህ ብዙ መከራ አይቷል። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው ጕዞው ለወራት ተቋርጦ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጕዞ በአሮጌው መስመር ቀረ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ ሐዲድ ይሄዳል፤ ጣቢያውም ከመኻል ከተማ ወጣ ያለ ነው።

በጥገናው ቤት ልጄ አንድ ትልቅ መሣሪያ እያየ፥ «ይህ ለምን ይጠቅም ነበር?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። ወዲያው ቀድሞ በዚያ ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀረቡና፥ «ያለቀ መንኰራኵር እየላገ የሚያስተካክል ነው፥ ልጄ» ብለው በእጃቸው እያሳዩ አስረዱት። ልጁም «አባባ፥ እርስዎ ባይኖሩ ማን ይነግረኝ ነበር?» አለ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ እንጂ አልመለሱም።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለመምህራንና ለሹማምንት የቀረበ ነው። ብረቱ ዝገቱን ችሎ ብዙ ዘመን ይቆይ ይሆናል፤ ብረቱን የሚያነበው ሰው ግን በየዓመቱ ያልፋል። እያንዳንዱ ተማሪ ከአንድ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ያንድ መሣሪያን ስምና ሥራ ቢጽፍ፥ ታላቅ መዝገብ በሆነ ነበር። ሐዲዱ በፊተኛው ጊዜ በቆመ ጊዜ ከተማ ወልዷል። አሁን ደግሞ ዳግመኛ ቆሟል፤ ዕውቀት ይወልድ ወይም መክኖ ይቀር እንደ ሆነ የሚወስነው ግን የእኛ ትጋት ነው።