የጨው ውሃ አኳሪየም አሸዋ ጠራጊ እንስሳት

አሸዋ ጠራጊ እንስሳት የሚባሉት በጨው ውሃ አኳሪየም ወለል ላይ የተነጠፈውን አሸዋ እየቆፈሩ፣ እያገላበጡና በላዩ ያረፈውን ጉድፍ እየበሉ ንጹሕ አድርገው የሚያቆዩ የባሕር ፍጥረታት ናቸው። ቀንድ አውጣዎች፣ የባሕር ኪያሮች፣ የባሕር ኮከቦች፣ ትሎች፣ ሸርጣኖችና አንዳንድ ዓሦች ከዚህ ወገን ይመደባሉ። ሁሉም የሚያጸዱት ምግባቸውን ሲፈልጉ ነው። ስለዚህ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው እንስሳው ምን እንደሚበላና የሚበላው ነገር በአሸዋው ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኝ ነው። ይህን ሳይጠይቁ ማምጣት እንስሳውን ቀስ በቀስ በረሃብ መግደል ነው።

የአሸዋው ወለል

በአኳሪየም የሚነጠፈው አሸዋ በብዛት አራጎናይት የተባለ የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ነው። ውፍረቱ እንደ ባለቤቱ ፍላጎት ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጥልቅ ወለል የሚፈልጉ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያነጥፋሉ። ኦክስጅን በሚደርሰው የላይኛው ክፍል የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከዓሦች ኩስና ከትርፍ ምግብ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ኦክስጅን በማይደርሰው የታችኛው ክፍል ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይቀይሩታል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣን ዦበር በሞናኮ ያዳበረው የአኳሪየም አያያዝ ዘዴ በዚሁ የአሸዋ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው።

አሸዋው ሳይነካ ከቆየ ዲያተም የተባለ ጥቃቅን አልጌ ቡናማ ሽፋን ያለብሰዋል፣ ጉድፍ ይከማችበታል፣ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ ተጣብቀው ይጓጉላሉ። ከሥር ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሊጠራቀም ይችላል፤ ይህ እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ነው። ጥልቅ ወለልን በአንድ ጊዜ በእጅ መገልበጥ ጋዙን ወደ ውሃው ሊለቀው ስለሚችል፣ በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት የሚያነቃንቁ ትናንሽ እንስሳት ይመረጣሉ።

ዋና ዋና ወገኖች

ናሳሪየስ ቀንድ አውጣዎች ቀኑን አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ይውላሉ፤ ከላይ የሚታየው እንደ ቱቦ የሆነው መተንፈሻቸው ብቻ ነው። ምግብ ውሃው ውስጥ ሲገባ ሽታውን ይዘው ከየአቅጣጫው አሸዋውን ሰንጥቀው ይወጣሉ። ትርፍ ምግብና የሞተ እንስሳ ይበላሉ እንጂ አልጌ አይነኩም። ሴሪቲየም የተባሉት ረጅምና ሹል ቅርፊት ያላቸው ቀንድ አውጣዎች ግን አልጌና ጉድፍ ይበላሉ፤ በብዛት የሚንቀሳቀሱትም በሌሊት ነው። ስትሮምበስ የሚባለው ወገን እንደ ኩምቢ በተዘረጋ አፉ የአሸዋውን ገጽ እየላሰ ዲያተምና አልጌ ያነሳል፤ ሰፊ ወለል ይፈልጋል።

የባሕር ኪያሮች አሸዋውን ራሱን ይውጡታል። በቅንጣቶቹ ላይ የተለጠፈውን ባክቴሪያና አልጌ ፈጭተው የጸዳውን አሸዋ እንደ ክር ጥቅልል አድርገው ከኋላቸው ይተዋሉ። ጥቁሩ የባሕር ኪያር ሆሎቱሪያ አትራ በዚህ ሥራው ይታወቃል። ነገር ግን ብዙዎቹ ሲጎዱ መርዝ ይለቃሉ፤ በውሃ መሳቢያ ሞተር ከተጎተቱ ዓሦቹን ሁሉ ሊገድሉ ይችላሉ። የሞተሩ መግቢያ በወንፊት መሸፈን አለበት።

አስትሮፔክተን የተባሉት አሸዋ ቆፋሪ የባሕር ኮከቦች ብዙ ሰው በመልካቸው ይገዛቸዋል። ምግባቸው ግን በአሸዋ ውስጥ የሚኖሩት ትናንሽ ትሎች፣ ቀንድ አውጣዎችና ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ናቸው፤ ያገኙትን እንዳለ ይውጡታል። ወለሉን በሕይወት የሚያቆዩትን ፍጥረታት ጨርሰው ከወራት በኋላ ራሳቸው ይራባሉ። በአነስተኛ አኳሪየም ውስጥ መግባት የለባቸውም።

ቫለንሲዬኒያ የተባሉት ጎቢ ዓሦች አሸዋውን በአፋቸው ሞልተው በስንጥባቸው እያንጠረጠሩ ምግቡን ያስቀራሉ። ወለሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲነጣ ይታያል፤ ዓሣው ግን ተጨማሪ ምግብ ካልተሰጠው ይከሳል። አሸዋውን ከፍ አድርጎ ስለሚበትን ኮራሎችን ሊቀብር፣ ከውሃውም ዘሎ ሊወጣ ስለሚችል ክዳን ያስፈልገዋል።

በሌላ እንስሳ ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩት ሸርጣኖች ትርፍ ምግብ ይለቅማሉ፤ የተሻለ ቅርፊት ሲፈልጉ ግን ባለቤቱን ቀንድ አውጣ ይገድላሉ። በአሸዋው ውስጥ ራሳቸውን የሚያባዙት ጥቃቅን ትሎችና ኮፔፖድ የተባሉት ደቃቅ ፍጥረታት እምብዛም አይታዩም፤ ሆኖም ዘላቂውን ሥራ የሚሠሩት እነርሱ ናቸው።

አመራረጥ

አዲስ አኳሪየም ለእነዚህ እንስሳት ምግብ የለውም። በመጀመሪያ አሞኒያና ናይትራይት ከውሃው መጥፋታቸው ይረጋገጣል፤ ከዚያ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ይገባሉ። የባሕር ኪያርና ጎቢ የሚመጡት ወለሉ ለወራት ከበሰለ በኋላ ነው። አንድ ዓይነት ብቻ በብዛት ከማስገባት የሚበሉት የተለያየ ጥቂት እንስሳትን ማቀላቀል ይበጃል። የሚቆፍሩና አሸዋ የሚውጡ እንስሳት ደቃቅና የማይቧጥጥ አሸዋ ይፈልጋሉ። ጠንካራ ጥርስ ያላቸው ትሪገር ዓሦች ባሉበት ቀንድ አውጣ አይበረክትም። ለዓሣ በሽታ የሚሰጥ የመዳብ መድኃኒት አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት ስለሚገድል፣ ሕክምናው በሌላ ገንዳ መደረግ አለበት። አዲስ መጤዎችም የጨው መጠን ለውጥ ስለሚጎዳቸው የአኳሪየሙ ውሃ በጠብታ እየተጨመረላቸው ይለማመዳሉ።

በደጋ ከተሞች

የምዕራብ ሸዋ ደጋ ከባሕር የራቀ ነው። በእንጭኒ ወይም በአምቦ እንዲህ ያለ አኳሪየም ማቆም የሚፈልግ ሰው ውሃውን ራሱ ማዘጋጀት ይኖርበታል። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ከሶዲየምና ከክሎራይድ ሌላ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሰልፌት ስለሚይዝ የወጥ ጨው አይተካውም። ውሃው ሲተን ጨው አብሮት ስለማይተን የጎደለው በንጹሕ ጨው አልባ ውሃ ይሞላል።

ከፍታውም የራሱ ፈተና አለው። ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋና ሞተሩ ሲቆም በአሸዋው ውስጥ ያሉት ቀድመው ሊታፈኑ ይችላሉ። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ፣ ለሌሊቱ ብርድም ማሞቂያ ያስፈልጋል። የእንስሳቱም ቁጥር በቆላ ከሚያዘው ማነስ አለበት።

ቀይ ባሕርና ሙገር

ለኢትዮጵያ ደጋ ቅርብ በሆነው ቀይ ባሕር ጥቁሩ የባሕር ኪያርም፣ ባለ ብርቱካን ነጥቡና ባለ ስድስት ነጥቡ ጎቢም በተፈጥሮ ይኖራሉ። የአካባቢውን ፍጥረታት ለሳይንስ ካስተዋወቁት አንዱ ስዊድናዊው ፔር ፎርስኮል ነው፤ በ1763 (እ.ኤ.አ.) በየመን ሞቶ የእንስሳት መዝገቡ በ1775 ታተመ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሄምፕሪክ ከጓደኛው ከኤረንበርግ ጋር ሲሰበስብ ቆይቶ በ1825 በምፅዋ አረፈ። ኤድዋርድ ሩፔል ደግሞ በ1831 ምፅዋ ደርሶ እስከ ጎንደር ዘለቀ፤ በርካታ የቀይ ባሕር ዓሦችንም ገልጿል።

የእንጭኒ ሰው የባሕር ወለል ለማየት ግን ምፅዋ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። እንጭኒ የአዳአ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በዚያው አካባቢ የሙገር ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ይገኛል። ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን አገሩን የሸፈነ ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ያነጠፈው ነው። በዚህ አንታሎ በተባለ የድንጋይ ክምችት ውስጥ የቀንድ አውጣ፣ የባለ ሁለት ክዳን ዛጎልና የባሕር ጃርት ቅሪቶች አሉ። በ1984 (እ.ኤ.አ.) ማምረት የጀመረው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃውን የሚያወጣው ከዚሁ ነው። ድንጋዩና የአኳሪየሙ አሸዋ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ኮምጣጤ ሲንጠባጠብባቸው አረፋ ያወጣሉ። የአካባቢው የሳይንስ መምህራን ይህን ቀላል ሙከራ ከሸለቆው በመጣ ድንጋይ ቢያሳዩ፣ ተማሪዎች ባሕር የሌላት አገራቸው የራሷ የባሕር ታሪክ እንዳላት በዓይናቸው ያረጋግጣሉ።