አዲስ አበባ በሚያዝያ፣ ጎንደር በኅዳር፦ ጦርነቱ ለምን ዘገየ?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ኢትዮጵያ ከፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ነፃ የወጣችው መቼ ነው? አብዛኞቻችሁ ሳታመነቱ «ሚያዝያ 27 ቀን 1933» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት፣ በየዓመቱም የአርበኞች የድል በዓል ሆኖ የሚከበረው ቀን ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን ጎንደር ገና በጠላት እጅ ነበረች። እዚያ ጦርነቱ ያበቃው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ! የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ትልቅ ምሽግ ጎንደር ነበረች። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት፣ «እ.ኤ.አ.» ከተባለው በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ለምን ዘገየች? እኔ የተማርኩት ታሪክ ሳይሆን ምህንድስና ነው። ጥያቄው የያዘኝ በአውቶቡስ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሊማሊሞ ቁልቁለት ስወርድ ነው። መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ገደሉን ይወርዳል። በአንድ በኩል ግድግዳ የመሰለ ዓለት፣ በሌላ በኩል ዓይን የማይጨርሰው ገደል። «ይህን መንገድ እዚህ ላይ ለመሥራት ማን ደፈረ? ምን አስቸኮለው?» ብዬ አሰብኩ። መልሱን ስፈልግ ጦርነቱን አገኘሁት።

ጦርነቱ ከየት መጣ?

መነሻው ብዙ ነው። ኢጣሊያ በ1888 ዓድዋ ላይ የደረሰባትን ሽንፈት አልረሳችም። ኤርትራንና ሶማሊያን ይዛለች፤ በመካከል ኢትዮጵያ ነፃ ሆና ቆማለች። ሙሶሊኒ ደግሞ ለሕዝቡ «አዲስ የሮም ግዛት» ቃል ገብቷል፤ ገበሬ የሚሰፍርበት መሬትም ይፈልጋል። በ1927 ወልወል ላይ የተነሳው ግጭት ሰበብ ሆነ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ቢጥልም ነዳጅን አላካተተም፤ የስዊዝ ቦይም ለጦር መርከቦቿ ክፍት ነበር። በሞተር ለሚንቀሳቀስ ጦር ነዳጅ ካልተከለከለ ምኑ ተከለከለ ትላላችሁ?

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ለወራሪው አልቀናም። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ከጎጃምና ከጎንደር የዘመተው የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ውስጥ ደምበጓና ላይ ጠላትን ገጠመ። ኢጣሊያኖቹ ሁለት ሁለት ሰው የሚይዙ ትንንሽ ታንኮች ነበሯቸው። የእነዚህ ታንኮች መትረየስ የተገጠመው ፊት ለፊት ነው፤ እንደ ዛሬ ታንክ ዙሪያውን አይዞርም። ሜዳ ላይ ቢሆን ታንኩ ራሱ ዞሮ ይተኩሳል። ጠባብና ድንጋያማ በር ውስጥ ግን የት ይዞራል? ወታደሮቻችን ከጎንና ከኋላ ደረሱባቸው፤ ታንኮቹ ተማረኩ፣ ተቃጠሉ። ማሽን የተሠራለትን መሬት ካላገኘ ብረት ብቻ መሆኑን ያን ዕለት አዩ።

መልሱ ግን ከሰማይ መጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባት የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ እየተረጨ ሣሩ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ውኃው ላይ ይቀመጣል። ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይንን ያውራል፣ ሳንባን ይጎዳል። በባዶ እግሩ ለሚዘምት ሠራዊት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ይህን መሣሪያ በጦርነት መጠቀም ቀድሞ የጄኔቫ ስምምነት ከልክሎታል፤ ኢጣሊያም ፈርማ ነበር።

መጋቢት 23 ቀን 1928 በአኪሌ ስታራቼ የሚመራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ካሚዮኖች ያሉት ጦር ከኦምሐጀር ተነስቶ ጎንደር ገባ። ከተማዋ የ«አማራ ግዛት» ዋና ከተማ ተደረገች። ጌራርዶ ቦሲዮ የተባለ አርክቴክት የከተማ ፕላን አወጣላት። ፒያሳ የምታዩት ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት የዚያ ዘመን ሥራ ነው።

ሕዝቡ ለምን ተነሳ?

ከተማ መያዝና አገር መያዝ ግን ለየቅል ናቸው። ገጠሩ ውስጥ ቅሬታው ቀስ በቀስ ተጠራቀመ። አንደኛው መሣሪያ ማስፈታት ነው፤ ለጎንደር ባላገር ጠመንጃ የክብሩና የርስቱ ዋስ ነበር። ሁለተኛው መሬት ነው፤ ከሙሶሊኒ የትውልድ አካባቢ ከሮማኛ የመጡ ገበሬዎችን ወገራ ላይ ለማስፈር ዕቅድ ወጥቶ ነበር፤ ብዙም ሳይገፋ ቀረ እንጂ። ሦስተኛው ግድያ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ውስጥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጭፍጨፋው በዋና ከተማዋ አላበቃም። በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን ሳይቀሩ እየተያዙ ተረሸኑ። ለምን እነሱ? ወሬ ስለሚያዳርሱ ነው። ሬዲዮ በሌለበት አገር የመረጃ መረቡ እነሱ ነበሩ፤ ወራሪው ይህን አውቋል።

በ1929 ክረምት መውጫ ላይ ጎጃም፣ በጌምድርና ላስታ በአንድ ሰሞን አመፁ። በአርማጭሆና በአካባቢው በረሃ እንደ ውብነህ ተሰማ («አሞራው ውብነህ») ያሉ መሪዎች ጦር አሰባሰቡ። ዝናቡም ከባላገሩ ጋር ነበር ማለት ይቻላል፤ ጭቃ ካሚዮን ይይዛል፣ በእግሩ የሚሄደውን ግን አያስቆመውም።

የመንገድ ሒሳብ

አሁን ወደ እኔ ሙያ እንመለስ። ኢጣሊያ ይህን ሁሉ መንገድ የሠራችው ለፍቅር አይደለም። ጦርና ስንቅ በፍጥነት ለማድረስ ነው። ከጎንደር ወደ አስመራ በደባርቅ በኩል፣ ወደ ደቡብ በጣና ዳር፣ ወደ ምዕራብ በጭልጋ። ሥራው እንደ ምህንድስና የሚደነቅ ነው፤ ጉልበቱን ያፈሰሱት ብዙ ሠራተኞችም ሊታወሱ ይገባል። ግን መንገድ አንድ ድክመት አለው፦ ረጅም ነው።

እስቲ ለምሳሌ ያህል እናስላ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 10 ጠባቂ ብናቆም 1000 ሰው ያስፈልገናል። ሰው ይተኛል፣ ይታመማል፤ ተረኛ ስንጨምር ቁጥሩ በእጥፍ ያድጋል። ለእነሱ ደግሞ እህል፣ ውኃና ጥይት ይጫናል፤ የሚጫነው በዚያው መንገድ ነው! አጥቂው ግን 100 ኪሎ ሜትር አያስፈልገውም። 50 ሰው ይዞ አንዲት ድልድይ ወይም አንዲት ጥምዝ ይመርጣል፤ ሰዓቱንም የሚመርጠው እሱ ነው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ጠባቂው ይሳሳል።

በዚህ ሒሳብ ወራሪው ቀን ቀን መንገዱንና ምሽጉን ያዘ፤ ከመንገዱ ራቅ ያለው አገር ደግሞ የአርበኛው ሆነ። ምሽግ ቦታው ይታወቃል፤ አርበኛው ግን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው። አንድ መሪ ቢወድቅ ሌላው ይቀጥላል፤ ማዕከል የሌለው መረብ በአንድ ምት አይበጠስም። መረቡን ያቆሙት ደግሞ ተኳሾቹ ብቻ አልነበሩም። ስንቅ ያቀበሉ ሴቶች፣ ቁስለኛ የደበቁ ገበሬዎች፣ ጠላት ቢሮ ተቀምጠው ወሬ ያሾለኩ የውስጥ አርበኞች አሉበት።

ይህን ስል ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም። መረብ ድክመት አለው። አርበኞች እርስ በርስ የተፎካከሩበት፣ የተጣሉበት ጊዜ ነበር። ከወራሪው ጎን የተሰለፈው አበሻም ጥቂት አልነበረም። በመካከል ያለው ገበሬ ቀን ለአንዱ፣ ሌሊት ለሌላው እየገበረ ከረመ። ብቻቸውንም ጠላትን ከከተማ ማስወጣት አልቻሉም፤ መድፍና አውሮፕላን አልነበራቸውም። እንግሊዝ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1938 የኢጣሊያን ወረራ እውቅና ሰጥታ ነበር፤ ፊቷን ያዞረችው ሰኔ 3 ቀን 1932 ሙሶሊኒ ጦርነት ካወጀባት በኋላ ነው።

በሮቹ ሲዘጉ

ከዚያ ነገሮች ፈጠኑ። ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገቡ፤ በሚያዝያ አዲስ አበባ ደረሱ፤ በግንቦት የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ። ጄኔራል ጉልየልሞ ናሲ ግን 40 ሺህ ያህል ጦር ይዞ ጎንደር ላይ ቀረ። ክረምቱ ገባ። ናሲ የተማመነው በበሮቹ ነው። በሰሜን ደባርቅ አጠገብ ወልቀፊት፣ በደቡብ ቁልቋልበር፣ በምዕራብ ጭልጋ። «በር» የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ አባቶቻችን ተራራ መካከል ያለችን ማለፊያ በር ያሏት ያለ ነገር አይደለም። የያዛት ሰው ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ግን በር ከሁለቱም ወገን ይዘጋል። ወልቀፊት ላይ ያለው ጦር መድፉን ወደ ገደሉ ደግኖ ማንንም አላሳልፍ አለ፤ በዙሪያው ያለው አገር ደግሞ የአርበኞች ስለነበር ለእሱም የሚያልፍለት ስንቅ ጠፋ። ለወራት ተከቦ ከርሞ በ1934 የመስቀል ሰሞን 3000 ያህል ሰው ይዞ እጁን ሰጠ። ከጥይት ይልቅ ረሃቡ በልጦበት ነበር። ቁልቋልበር ከከባድ ውጊያ በኋላ ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት ወደቀች። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 18፣ ናሲ እጁን ሰጠ። የተማረከው ጦር ከ20 ሺህ ይበልጣል።

ጎንደር ለምን ዘገየች ለሚለው መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፦ ተራራው ነው ያዘገያት። አርበኛውን ለአምስት ዓመት የሸሸገው ተራራ ወራሪውንም ለስድስት ወር ሸሸገው። ተራራ ለማንም አይወግንም። ልዩነቱ አርበኛውን የሚያበላው ሕዝብ በዙሪያው መኖሩ ነው፤ ናሲን ግን የሚያበላው መንገዱ ብቻ ነበር። መንገዱ ሲቆረጥ ሁሉም ነገር ተቆረጠ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ጎንደርን ለማስለቀቅ ከአርበኞች ጋር የተዋጉት ብዙዎቹ ወታደሮች ከኬንያና ከሌሎች የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የመጡ አፍሪካውያን ነበሩ። ከናሲ ጦርም ግማሽ ያህሉ ጥቁር ነበር። ኬንያ ራሷ ነፃ የወጣችው ከዚያ 22 ዓመት ቆይታ ነው። ለሌላው ነፃነት የሞቱት እነዚያ ልጆች የራሳቸውን አላዩም። «እንግሊዝ ነፃ አወጣን» ወይም «ብቻችንን ነፃ ወጣን» ስንል ሁለቱም አባባል የሚጥለው ሰው አለ።

ጎንደር ከሄዳችሁ ፋሲል ግቢ ግቡና የአፄ ኢያሱን ግንብ እዩ። ጣሪያ የለውም። ቀድሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት ነበር፤ በ1934 ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጨመረበት። ከዚያ ወደ ደባርቅ ውጡ፤ ሊማሊሞን ስትወርዱ በመስኮት ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ተመልከቱ። ከዚያ ዓለት ኋላ ተቀምጦ የመጀመሪያው ካሚዮን ጥምዟን እስኪዞር የጠበቀ ሰው ነበር።