ጽናትን ማስተማር፦ ዝንባሌና ትጋት በክፍል ውስጥ

በትምህርት ጽናት ማለት ተማሪ የረጅም ጊዜ ግብ ይዞ፣ ቢወድቅም ቢሰለችም ሥራውን ሳይተው መቀጠሉ ነው፤ ጥልቅ ዝንባሌ ደግሞ ያንን ግብ ከልቡ እንዲወደው ያደርገዋል። ሁለቱ ተጣምረው በሥነ ልቦና «ግሪት» በሚል ስያሜ የታወቁት አንጄላ ዳክወርዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ነው። በዌስት ፖይንት የአሜሪካ ጦር አካዳሚ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የሚሰጠውን ከባድ ሥልጠና የትኛው ምልምል እንደሚጨርስ ለመተንበይ፣ ከአካዳሚው የመቀበያ ነጥብ ይልቅ የግሪት መለኪያው የተሻለ ጠቋሚ ሆኖ ተገኝቷል።

ግኝቱ ብዙ ተስፋ ቢያሳድርም በኋላ የተደረገ ምርመራ ልኩን አሳይቷል። ማርከስ ክሬዴና ተባባሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 67,000 የሚጠጉ ሰዎች የተካተቱባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ መርምረው፣ ግሪት ቀድሞ ከሚታወቀው የታታሪነት ጠባይ እምብዛም እንደማይለይ፣ ከትምህርት ውጤት ጋር ይበልጥ የሚዛመደውም የጥረት ቀጣይነት መሆኑን አመልክተዋል። ስለዚህ ለመምህሩ ዋናው ጥያቄ ልጁ ጥረቱን እንዳያቋርጥ የሚረዳው ምን ዓይነት ትምህርት ነው የሚል ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ ጠንካራ መልስ ከኢስታንቡል ተገኝቷል። ሱሌ አላን፣ ቴዎዶራ ቦኔቫና ሰዳ ኤርታች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት የሙከራ ጥናት፣ በዕጣ በተለዩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የክፍሉ መምህራን ራሳቸው ችሎታ በጥረት እንደሚያድግ፣ ከውድቀት እንዴት እንደሚማሩና ግብ እንዴት እንደሚወጠን በየሳምንቱ አስተማሩ። እነዚህ ልጆች ከባዱን ሥራ ይበልጥ መምረጥና ሲወድቁም እንደገና መሞከር ጀመሩ፤ በሒሳብ ያሳዩት መሻሻል ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላም አልጠፋም።

ዝንባሌም እንዲሁ በእንክብካቤ ያድጋል። ሱዛን ሂዲና አን ሬኒንገር እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳብራሩት አራት ደረጃዎች አሉት፦ በአንድ አጋጣሚ ይቀሰቀሳል፣ በአካባቢው ድጋፍ ይቆያል፣ ቀጥሎ የልጁ የራሱ መሆን ይጀምራል፣ በመጨረሻም ሥር ይሰድዳል። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች የመምህሩ ድርሻ ከፍተኛ ነው። ገና ጣዕሙን ባላወቀው ትምህርት ላይ በቁጣ ብቻ እንዲተጋ የተገደደ ልጅ፣ ተቆጣጣሪው ዞር ሲል ትጋቱም ይቀራል።

የኢትዮጵያ ቅኔ ቤት ዝንባሌና ጽናት በአንድ ሥርዓት እንዴት እንደሚገናኙ ያሳያል። ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው፣ ጉባኤ ቃና ከተባለው የቅኔ ዓይነት ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ብቻውን ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረምለታል፤ ደግሞ አዲስ ይዞ ይቀርባል። እርማቱ የዘወትር ተግባር በመሆኑ ስሕተት የትምህርቱ መደበኛ ክፍል ይሆናል፤ የሚቀርበው ሥራ የተማሪው የራሱ ፈጠራ በመሆኑም ትጋቱ ከፍቅር ጋር ይያያዛል። ብዙዎች የዋሸራን፣ የጎንጅንና የዋድላን የአቀኛኘት መንገድ ለማወቅ ከመምህር ወደ መምህር የሚሻገሩት በዚሁ ፍቅር ነው።

መደበኛው ክፍልም ይህን መንገድ ሊከተል ይችላል። ልጁ ካለው ችሎታ ጥቂት ከፍ ያለ ሥራ ይሰጠዋል፤ ያቀረበው የቤት ሥራ ነጥብ ከመያዙ በፊት ታርሞ እንደገና እንዲሠራው ይመለስለታል፤ በመንፈቀ ዓመቱ ቢያንስ አንድ ሥራ ራሱ መርጦ እስከ ፍጻሜው ያደርሳል። ምስጋናውም ለተጠቀመበት ዘዴና ላደረገው ጥረት ይሁን። መምህሩ ከባድ ጥያቄ ሲገጥመው በተማሪዎቹ ፊት እያሰበ ቢፈታው ከብዙ ምክር የበለጠ ያስተምራል።

ይህ ሁሉ ግን ወሰን አለው። ጽናት የመጽሐፍን እጥረት፣ የተጨናነቀን ክፍል ወይም የልጅን ረኃብ አይተካም፤ ችግሩን ሁሉ በልጁ ስንፍና ማሳበብም ፍትሕ ማጓደል ነው። ዳክወርዝና ዴቪድ ዬገር እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳስጠነቀቁት፣ በመጠይቅ የሚለካ የጠባይ ነጥብም ትምህርት ቤቶችን ለማወዳደርና ተጠያቂ ለማድረግ ገና ብቁ አይደለም። ስለዚህ ጽናትን የማስተማር ሥራ መምህሩ በሚመርጠው ሥራ፣ በሚሰጠው እርማትና ለልጁ በሚተወው ዳግም ዕድል ይመዘናል፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ጊዜና መሣሪያ ማሟላት ደግሞ የትምህርት አስተዳደሩ ግዴታ ነው።