ማን ከፈለልህ?

እሑድ ፉሪ አክስታችን ቤት ቡና ጠጣን። እስከ ሃይሌ ጋርመንት በታክሲ መጣን፤ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዘን የቀረችውን መንገድ ጭቃውን እየዘለልን በእግራችን ጨረስናት (ክረምት ነውና ለፉሪ ሰው ይህ ዜና አይደለም)። የዕለቱን ጨዋታ የያዘው የአክስታችን ልጅ ነበር። ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ይሠራል። ስብሰባ አያጣውም፤ በበረረ ቁጥር ማይል፣ ሆቴል ባደረ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀምለታል። ሰሞኑን ናይሮቢ ስብሰባው ሲያልቅ ሁለት ሌሊት ጨምሮ፣ ከከተማው ወጣ ባለ፣ ጎልፍ ሜዳ ላይ በተሠራ ሪዞርት አርፎ መጣ። አምስት ሳንቲም አላወጣም።

ፎቶውን በስልኩ አሳየን። ሣር፣ ሣር፣ አሁንም ሣር። አክስታችን መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ካዩ በኋላ «ይህን ሁሉ ሣር የሚግጥ ከብት የለም እንዴ?» አሉ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ማን ከፈለልህ?»

«ነጥብ ነው እማዬ።»

«ነጥብ ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኛም ስቀናል። ማታ ቤታችን ስንገባ ግን ጥያቄው ተከትሎን መጥቶ ኖሯል፤ ሌሊቱን መጽሐፍ ስናገላብጥ አደርን። ያገኘነውን እነሆ። (ዓ.ም. ካላልን በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጎልፍ ሜዳን ከሆቴል ጋር ያጋቡት ጎልፍ ተጫዋቾች ብቻ አይደሉም፤ የባቡር ኩባንያዎችም ናቸው። ስኮትላንድ ውስጥ ተርንቤሪ የተባለው ዝነኛ የጎልፍ ሆቴል በ1906 ሲከፈት ባለቤቱ የባቡር ድርጅት ነበር፤ ሆቴሉ አጠገብ የራሱ ጣቢያ ነበረው። በ1924 የተከፈተው ግሌንኢግልስም የባቡር ሰዎች ያሰቡት ነው። ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ባቡሩ ይሄዳል፣ ወንበሩ ግን ባዶ ነው። ታዲያ ሀብታሙን ከከተማ የሚያስወጣ ምክንያት መፈጠር ነበረበት። ምክንያቱ ሣር ሆነ።

እኛም አገር ባቡር እንግዳ አሳድሯል፤ ነገሩ ግን የመዝናናት አልነበረም። የድሮው የጅቡቲ ባቡር በጨለማ አይጓዝም ነበርና መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ ነበር አዲስ አበባ የሚገባው። አዋሽ ጣቢያ ያለው ቡፌ ዳዋሽ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ ደግሞ መንገደኛ የሚያሳፍረው ከእኛው ሰፈር፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። ጎልፍ አላመጣብንም። እስካሁን።

ነጥቡም ቢሆን የተወለደው ባዶ ወንበር ከመፍራት ነው። በ1978 አሜሪካ የአየር መንገዶቿን ዋጋና መስመር ከመንግሥት ቁጥጥር በሕግ ስትለቅ፣ ኩባንያዎቹ ደንበኛ ለመንጠቅ እርስ በርስ ተያያዙ። አሜሪካን ኤርላይንስ ግንቦት 1 ቀን 1981 ደንበኞቹ የበረሩትን ማይል እየመዘገበ በነጻ ትኬት ሊመልስላቸው ጀመረ። ተፎካካሪዎቹ በቀናትና በወራት ልዩነት ተከተሉት። ሆቴሎች ደግሞ ከአየር መንገዶች ቀዱ፤ ማሪዮት በ1983፣ ሂልተን በ1987። እነዚህ ኩባንያዎች በየዓለሙ የጎልፍ ሪዞርት ስላላቸው፣ ናይሮቢ ስብሰባ ላይ የተለቀመ ነጥብ ሣር ላይ ያሳድራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። የእኛን አየር መንገድ በ1945 በተፈረመ ውል ያቋቋመልን የአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ይኸው ኩባንያ በ1967 ሂልተን ኢንተርናሽናልን መግዛቱን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? የአዲስ አበባው ሂልተን በ1969 ሲከፈት፣ ስሙን የሰጠውና የሚያስተዳድረው ድርጅት የአየር መንገዳችን ሞግዚት ንብረት ነበር። ፍል ውሃ የሚገባበት መዋኛ፣ የቴኒስ ሜዳ፣ ጎልፍም ሳይቀር፤ ትንሿ፣ የልጆች የምትመስለዋ ጎልፍ። አብራሪውና አሳዳሪው አንድ ኪስ ውስጥ እንደሚገቡ ከተማችን ነጥብ ከመምጣቱ በፊት አይታለች።

ወደ አክስታችን ጥያቄ እንመለስ። ከፋዩ ማነው? አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አባል የሆነ እንግዳ ገንዘብ ከፍሎ ባደረ ቁጥር፣ የሆቴሉ ባለቤት ከሒሳቡ ቆንጥሮ ወደ ኩባንያው የነጥብ ቋት ያስገባል። ሌላ ቀን አንዱ በነጥብ «በነጻ» ሲያድር ቋቱ ለሆቴሉ ይከፍላል፤ ቤቱ ሞልቶ ከነበረ ወደ ሙሉ ዋጋው የተጠጋ፣ ባዶ ከነበረ ጥቂት። ስለዚህ ነጻው አልጋ ተከፍሎበታል። ዋጋው የመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ ተሸጉጦ ነበር። የመጀመሪያውን ሒሳብ የከፈለው ደግሞ የአክስታችን ልጅ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን ያገኘው ለገጠር ውሃ ጉድጓድ ማስቆፈሪያ ብሎ ነው።

ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር ከመሰላችሁ ድርጎን አስታውሱ። የንጉሥ እንግዳ ሲመጣ፣ መልእክተኛ ይሁን ፈረንጅ አገር ጎብኚ፣ ከቤተ መንግሥት ሰው ተመድቦለት ይጓዛል። ባረፈበት ሰፈር ሹሙ እንጀራውን፣ በጉን፣ ማሩን፣ የበቅሎውን ገብስ ከየቤቱ አዋጥቶ ያቀርባል። እንግዳው «ንጉሡ አበሉኝ» ብሎ አመስግኖ ይሄዳል። ያበላው ግን መንገድ ዳር መወለዱ ጥፋት የሆነበት ገበሬ ነው። ብልጦቹ መንደሮች ከዋናው መንገድ መራቅን ይመርጡ ነበር። ወታደርማ ሲሆን የባሰ ነው፤ ምኒልክ በ1892 አሥራት እንዲከፈል ያዘዙበት አንዱ ምክንያት ወታደሩ በገበሬው ቤት እያደረ መብላቱን እንዲያቆም ነው። በድርጎም በነጥብም የሚመሰገነው ሰጪው ነው፤ ከፋዩን ማንም በስሙ አይጠራውም።

በ1890ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ የገጠማቸው ችግርም ከዚህ የመጣ ይመስለናል። በከተማችን ሲነገር በኖረው ወግ፣ መኳንንቱ የእቴጌይቱ ግብር መስሏቸው በልተው ሊሄዱ ሲሉ፣ ምኒልክ ራሳቸው ተመግበው ሒሳብ ከፍለው አሳዩ ይባላል። እንግዳ ራሱ ይክፈል የሚለው ሐሳብ ለእኛ ገና የመቶ ዓመት ልጅ ነው። ሳይጠነክር ነጥብ ደረሰበት።

ሌላው ዓለምም በዚህ ተጣልቷል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራ ጉዞ ያገኙት ማይል የመንግሥት ንብረት ነበር፤ በታኅሣሥ 2001 ነው በሕግ ለራሳቸው የተፈቀደላቸው። ጀርመን ውስጥ በ2002 የምክር ቤት አባላት በሥራ የተጠራቀመ ማይል ለግል ጉዟቸው መጠቀማቸው ሲጋለጥ፣ የበርሊኑ የኢኮኖሚ ሹም ግሬጎር ጊዚ ሥልጣን ለቀቀ። ሁለት አገር፣ በወራት ልዩነት፣ ሁለት ፍርድ። እኛ ከጀርመኖቹ ጋር ነን። ከፋዩ ድርጅት ከሆነ ነጥቡም የድርጅት ነው፤ ለቀጣዩ ስብሰባ አልጋ ይያዝበትና የተረፈው ገንዘብ ወደ ጉድጓዱ ይመለስ።

ይህንኑ በሚቀጥለው እሑድ ለልጁ ነገርነው። ተቆጣ። «እናንተስ ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር ለጋዜጠኞች ሥልጠና ተብሎ ሦስት ቀን ስትንፈላሰሱ አበሉን መለሳችሁ?» አለን። አልመለስንም። አበሉም ሄዷል፣ ሥልጠናውም ተረስቷል፤ የምናስታውሰው የአሣ ጥብሱን ነው። ዝም አልን።

ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ ልጁ በረድ ብሎ፣ ለአንድ ሌሊት የሚበቃ ነጥብ እንደቀረው፣ እናቱን አዲስ አበባ ካለ ሆቴል ወስዶ ሊያሳድራቸው እንዳሰበ ነገረን። አክስታችን ጀበናውን አስቀመጡና ጠየቁ።

«እራት አለው?»

«ቁርስ ብቻ ነው እማዬ። ለእራት እንከፍላለን።»

«እንግዲያ ስንቄን ይዤ ነው የምሄደው» አሉ። «የጾም ነው ወይስ የፍስክ ቀን?»